ሬዲዮ ዝም ያለ ዕለት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ያለው ያለ ነገር አይደለም። ጠዋት የሱቁን በር ከፍቶ «እንዴት አደራችሁ» ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ማታ መጋረጃውን እስኪጎትት ድረስ ወሬው አይቋረጥም። እውነተኛው ሬዲዮ እንኳ በመሃል ዘፈን ያስገባል፤ እሱ ግን ለዘፈን የሚሆን ክፍተት የለውም። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ አውሮፕላን ሞተር፤ ማን ጠይቆት! ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ የተጠየቀውንማ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የሚመልሰው። የሚለው ሁሉ ትክክል ነው ወይ ካላችሁ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ምላጭ ይዞ ጉሮሮው ላይ የቆመን ሰው «ተሳስተሃል» የሚል ደንበኛ እስካሁን አልተገኘም።

ሱቁ ጠባብ ናት። ፊት ለፊት ግድግዳውን የሞላ መስታወት አለ፤ ደንበኛው ማጅራቱንም እንዲያይ ከኋላ ሌላ ተሰቅሏል። በግራ መስኮት፣ በቀኝ በር፣ መሃል ላይ አንድ ወንበር። ወንበሩ ድሮ ይሽከረከር ነበር፤ እግሩ ውስጥ ያለው ብረት ከነከሰ ወዲህ ግን ወይ ፍንክች። «ኧረ ይሄን ወንበር አሠራው» ሲሉት፣ «ወንበሩ ካልዞረ እኔ እዞራለሁ! ፀጉሩ ተቆረጠ አይደል?» ይላል። እንዳለውም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ደንበኛው አድርጎ ወንበሩን ሲዞር ይውላል።

ልጁ ሚጣ ስድስተኛ ክፍልን የተማረችው እንግዲህ እዚች ሱቅ ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀና ሕንጻው ታድሶ እስኪያልቅ ተማሪዎቹ ከያሉበት ሆነው በስልክ ይማሩ ተባለ። ቤታቸው ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ቁምሳጥን ላይ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። እናቷ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለምትሠራ ማለዳ ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትገባው። ሱቁ ደግሞ ለደንበኛ ተብሎ የገባ ዋይፋይ አለው። ስለዚህ ሚጣ በየጠዋቱ ደብተሯን ታቅፋ ከአባቷ ጋር ትመጣለች፤ ስልኩን በፊት መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ከፓውደር ቆርቆሮ ጋር ታስደግፍና ዱካዋ ላይ ቁጭ ትላለች።

አባት ደስታውን አልቻለውም። እሱ ራሱ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ትቶ ነው መቀስ የጨበጠው፤ አሁን ትምህርት ቤት በገዛ እግሩ ሱቁ ድረስ መጣለት። ማሽኑ እንዳይረብሻት ብሎ በትምህርት ሰዓት በመቀስ ብቻ ይሠራል። ማሽኑን አጠፋ እንጂ ምላሱን ግን ማጥፊያው የት እንደሆነ አላወቀም። መምህርቷ «ውሃ ሲፈላ ምን ይሆናል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሚጣ እጇን ሳታነሳ ከጀርባዋ «እንፋሎት በያት፣ እንፋሎት!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ደንበኞቹም አልቀረባቸውም። ጡረታ የወጡት ሾፌር ጋሼ፣ ራሳቸው ላይ የሚቆረጥ ፀጉር ባይኖርም፣ ጂኦግራፊ ባለበት ቀን ሁሉ ጢም ሊላጩ ይመጡ ጀመር። የወንዝ ስም በተነሳ ቁጥር «እሱንማ በመኪና ተሻግሬዋለሁ!» ይላሉ።

«ሚጣዬ» አለች መምህርቷ አንድ ቀን፣ «እናንተ ጋ ስንት ሰው ነው ስድስተኛ ክፍል የሚማረው?»

ልጆቹ ሳቁ፤ ሚጣም አብራ ሳቀች። ያኔ ነገሩ ገና ቀልድ ነበር።

ሬዲዮ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው። ችግሩ ድምፁ ነው፤ እንግዲያው ድምፅ ከሌለ ችግር የለም ማለት ነው! ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራው ከማያየው ጥግ፣ ከስልኩ ጎን፣ ጀርባውን ለፊት መስታወቱ ሰጥቶ ይቆምና መልሱን በከንፈሩ ብቻ ይነግራት ጀመር። አፉን እንደ ዓሣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ቅንድቡን ይሰቅላል፤ ቁጥር ሲሆን በጣቱ ያሳያል። ያልገባውን ነገር በራሱ ስልክ ቀድሞ ይፈልጋል። ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ ጎፍሮ ይጠብቃል። «ልጄ እየተጠየቀች ነው» ካለ ማን ይናገረዋል?

ሚጣ መጀመሪያ ላይ «ተው አባዬ፣ እኔ አውቀዋለሁ» ትል ነበር። ግን መልሱ ፊቷ ላይ ተገትሮ እያየችው ማሰብ ትርፍ ድካም ሆነባት። ቀስ በቀስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ዓይኗ ከስልኩ ተነስቶ ወደ አባቷ አፍ መሄድ ለመደ። ማርኳም አብሮ ወጣ። ሬዲዮ ልቡ ቅቤ ጠጣ። «ልጅ ማስተማር እንደኔ ነው!» እያለ ለመጣ ለሄደው ደረቱን ይነፋ ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ በሁለት መስታወት መሃል የኖረ ሰው መስታወት መኖሩን ረሳ ቢባል ማን ያምናል? እሱ ግን ጭራሽ ረሳው።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ የሳሉትን ተክል በየተራ ሲያሳዩ ሚጣ ተራዋ ደረሰ። መምህርቷ ሥዕሉ ለሁሉም ጎልቶ እንዲታይ የሚጣን ምስል ስክሪኑን እንዲሞላ አደረገችው። ከዚያም «ታዲያ ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጅለት የቱ ክፍሉ ነው?» ስትል የሚጣ ዓይን በልማዱ ወደ ጥግ ሄደ። ወዲያው አንድ ወንድ ልጅ ጮኸ።

«ቲቸር! ቲቸር! ሚጣ ጋ ብዙ ሰውዬዎች አሉ!»

እውነትም ነበሩ። ከሚጣ ራስ በላይ፣ በኋላው መስታወት ውስጥ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ አፉን እንደ ዓሣ ይከፍታል። ከእሱ ቀጥሎ ትንሽ አነስ ያለ ጀርባ፤ ከዚያ ደግሞ አነስ ያለ ሰውዬ፤ ደግሞ ጀርባ፣ ደግሞ ሰውዬ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተሰልፈው፣ ፊታቸውን ያዞሩት ሁሉ ቅንድባቸውን ሰቅለው በአንድ አፍ «ቅ-ጠ-ል» ይላሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከልጆቹ አንዱ ወንበሩ ላይ ቆሞ ሰውዬዎቹን ይቆጥር ጀመር። ሬዲዮ ምን ተገኘ ብሎ ቀና ሲል በኋላው መስታወት ራሱን አየ፤ አፉ እንደተከፈተ፣ ከነሰልፉ። ክው አለ። ሚጣ ስልኩን በፊቱ ደፋችው፤ የዚያን ዕለት መልሳ አላነሳችውም።

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ራሷ ደወለች።

«አባት፣ አይቀየሙኝ። ልጅዎ ጎበዝ ናት ብዬ አምናለሁ። አሁን ግን የቱ መልስ የእሷ፣ የቱ የእርስዎ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

«እኔ እኮ ልርዳት ብዬ ነው...»

«አውቃለሁ። የሚረዳት አባት ያጣ ተማሪ ሞልቶኛል፤ በእርስዎ አልፈርድም።» ከዚያ ውሳኔውን ነገረችው። ትምህርት ቤቱ የሚጣን ማርክ አላጸደቀውም። ዓመቱ ሲያልቅ በሁለት መምህራን ፊት ለብቻዋ የቃል ፈተና ትፈተናለች። ካለፈች ሰባተኛ ክፍል ትገባለች፤ ካላለፈች ስድስተኛን ትደግማለች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አለች በመጨረሻ፤ «እስከዚያ ድረስ ትምህርቱን እሷ ለእርስዎ ታስረዳ። እርስዎ ዝም ብለው ያዳምጡ።»

ማታ እናት ጉዱን ሰማች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ነው ያስተማርካት ወይስ ራስህን?»

መልስ አጣ እንዳትሉ፤ መልስማ ነበረው። ሚጣ ግን ቀደመችው።

«እማዬ፣ እሱን አትቆጪው። እኔ ነኝ ያየሁት።» ደብተሯን አቀፈች። «አሁን የማውቀውንም ማንም አያምነኝም። እኔም ራሴን አላምነውም። ስጠየቅ ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም የለም፤ የአባዬ አፍ ብቻ ነው ያለው።»

ይቺ ቃል ሬዲዮ አንጀት ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ልጁን ከፍ ያደረጋት መስሎት ከእጇ ላይ ነገር እንደወሰደባት ያን ጊዜ ገባው። እና ለራሱ ማለ፤ ዝም እላለሁ አለ። ዝም ማለት ምን ይከብዳል?

ጉዱን በማግስቱ አየው። ሚጣ ስለ ደም ዝውውር ልታስረዳው ገና «ልብ...» ከማለቷ፣ «ደም ትረጫለች!» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰላት። አፉን ለመያዝ ማበጠሪያ ነከሰ፤ ማበጠሪያው ተሰበረ። ውጪ ወጥቶ በመስኮት ሊያዳምጣት ሞከረ፤ መስኮቱ ላይ አፍንጫውን አጣብቆ በሁለት እጁ የልብን ምት ሲያሳይ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ጀመር። «አባዬ!» ብላ ጮኸችበት። ሾፌሩ ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ልጄ፣ አትድከሚ። ይሄ ሬዲዮ የሚዘጋው መብራት ሲጠፋ ነው» አሏት።

መድኃኒቱን ያገኘችው ግን ከራሳቸው ከጋሼ ላይ ነው። ሊላጩ ተቀምጠው ስለ አንድ ድልድይ እያወሩ ሳለ አባቷ በብሩሹ አረፋውን ጉንጫቸው ላይ፣ አገጫቸው ላይ፣ ከንፈራቸው ዙሪያ ሲለቀልቃቸው፣ ድልድዩ መሃል ላይ ጸጥ አሉ።

«አባዬ፣ ጋሼ ለምን ዝም አሉ?»

«አረፋ አፉ ላይ ሆኖ ማን ያወራል? ይገባበታላ!»

ሚጣ ብሩሹን አየች። ከዚያ አባቷን አየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ለምሳ ሲዘጋ ሬዲዮ በገዛ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሚጣ አንገቱ ላይ ፎጣ ታስርለትና ከአፍንጫው በታች ያለውን በሙሉ በአረፋ ትሸፍነዋለች። መጀመሪያ ቀን «አይደ...» ብሎ ሊያርማት ሲል አፍ ሙሉ ሳሙና ዋጠና ሲያስል ቆየ። ሁለተኛውም ቀን ዋጠ። እየዋለ እያደረ ግን ለመደ፤ ሳሙናውን ማለቴ አይደለም፤ ዝምታውን።

ዝም ሲል ደግሞ አይቶት የማያውቀውን ነገር ማየት ጀመረ። ሚጣ መልስ ከመስጠቷ በፊት እርሳሷን አፍንጫዋ ላይ አስነክታ «ቆይ» ትላለች። ከዚያ ትሳሳታለች። ከዚያ ደግሞ «ቆይ፣ ቆይ፣ እንደሱ አይደለም» ትልና የሄደችበትን መንገድ ራሷ ተመልሳ ታስተካክለዋለች። ዓመቱን ሙሉ እሱ ሲገባ የነበረው እዚያች «ቆይ» ላይ ነው። አላወቀችም፣ ጨነቃት እያለ። ለካ ልጁ እያሰበች ነበር! ከተወለደች ጀምሮ አንድ ነገር እስክትጨርስ ሰምቷት እንደማያውቅ ሲገባው አፈረ፤ ፊቱ የቀላ እንደሆነም አረፋው ሸፈነለት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሱቁ ተዘግቶ ጋሼና ተራ ጠባቂው ደንበኛ ሁሉ በበሩ መስታወት ላይ ተለጠፉ። ስልኩ ላይ መምህርቷና አንድ ኮስታራ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ የሳይንስ መምህር ብቅ አሉ።

«አባትየው የት ናቸው? በግልጽ የሚታዩበት ቦታ ይሁኑልኝ» አሉ ኮስታራው።

ሚጣ ከካሜራው ፊት ዞር አለች። ከኋላዋ ሬዲዮ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ከአንገቱ በታች ፎጣ፣ ከአፍንጫው በታች አረፋ። በመስታወቶቹም ውስጥ እነዚያ ሰውዬዎች እንደ ድሯቸው ተሰልፈዋል፤ ዛሬ ግን ፊታቸውን ያዞሩት ሁሉ ነጭ ጢም አውጥተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድምፅ ማጥፊያው ነው፣ ቲቸር» አለች ሚጣ።

መምህርቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ወረቀቷ አጎነበሰች። ጥያቄው ተጀመረ። ስለ ደም ዝውውር ተጠየቀች፣ መለሰች። ስለ ክፍልፋይ ተጠየቀች፣ ተሳሳተች፣ «ቆይ» አለች፣ አስተካከለች። ሬዲዮ በእያንዳንዱ መልስ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ይለቃል። መጨረሻ ላይ ኮስታራው መነጽራቸውን አወረዱ።

«ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ነው የምታሳየን። ከምድር ሆኖ ጀርባዋን ያየ ሰው የለም። ለምን ይመስልሻል?»

ሚጣ እርሳሷን አነሳች።

ሬዲዮ ይሄን ያውቃል! ኧረ ለደንበኛ ስንት ጊዜ ተናግሮታል! በራሷ ዛቢያ ስለማትዞር ነዋ! ከዚህ የቀለለ ምን ጥያቄ አለ? መልሱ ከጉሮሮው ተነስቶ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ሚጣ ዝም እንዳለች ነው። ዝምታው ረዘመበት። ሰባተኛ ክፍል ልታመልጣት ነው፣ በአንዲት ቃል! ያን ጊዜ የልጁ ዓይን በአሮጌ ልማዱ ከስልኩ ላይ ተነሳና በፊት መስታወቱ በኩል ቀስ ብሎ ወደ አባቷ አፍ መጣ።

ከንፈሩ አረፋው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ራሱን ያዘው። ከአረፋው ጎላ ያለ ቁራጭ ተቆርሶ ፎጣው ላይ ወደቀ፤ የሳሙናው ምሬት ጥርሱ ላይ ደረሰ። አፉን ግጥም አደረገ። ቅንድቤም ይናገራል ብሎ ፈራና ዓይኑንም ጨፈነ።

ጨለማው ውስጥ ሆኖ «ቆይ» ስትል ሰማት። በሕይወቱ እንደዚያች ቃል ደስ ያለው ነገር የለም።

«ቲቸር፣ መነሳት ይፈቀዳል?»

ተፈቀደላት። ሚጣ ወንበሩ ፊት መጥታ ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት ቆመች።

«አባዬ ምድር ነው፤ እኔ ጨረቃ። አባዬ ዓይንህን ግለጥ፣ ኋላህ ስሄድ በመስታወቱ ተከተለኝ።» ፊቷን ከእሱ ላይ ሳትነቅል በጎን በጎኑ እየተራመደች ወንበሩን ትዞረው ጀመር። «አያችሁ? እሱ ፊቴን ብቻ ነው የሚያየው። የማልዞር ነው የምመስለው። ግን መጀመሪያ ፊቴ ወደ ኋላው መስታወት ነበር። መስኮቱ ጋ ስደርስ ወደ በሩ ሆነ። አባዬ ኋላ ስሆን ደግሞ ወደ እናንተ። በሩ ጋ ስደርስ ወደ መስኮቱ። ወንበሩን አንድ ጊዜ ስዞር በራሴም አንድ ጊዜ ዞሬያለሁ ማለት ነው።»

ከዚያ መጀመሪያ የቆመችበት ተመለሰች። «በራሴ ባልዞርስ?» ብላ ፊቷን ወደ ኋላው መስታወት እንዳደረገች፣ ሳትዞር፣ ወንበሩን አልፋ ከአባቷ ኋላ ሄዳ ቆመች። ሬዲዮ በፊት መስታወቱ አያት፤ የሚታየው የተጎነጎነ ፀጉሯና የሹራቧ ጀርባ ነው።

«አሁን ጀርባዬን አየው። ጨረቃ በራሷ ባትዞር ኖሮ እኛም ጀርባዋን እናየው ነበር። እሷ ግን ትዞራለች፤ እኛን እስክትዞር የሚፈጅባትና በራሷ እስክትዞር የሚፈጅባት እኩል ስለሆነ ነው።»

ኮስታራው መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። ኮስታራነቱ ግን አብሮ አልተመለሰም።

«ይሄን ማን አሳየሽ?»

«ማንም። አባዬ ፀጉር ሲቆርጥ እንደዚህ ነው የሚዞረው።»

ሁለቱ መምህራን ተያዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። መምህርቷ «ሰባተኛ ክፍል እንገናኝ፣ ሚጣዬ» አለች፤ ከዚያ ፈገግ ብላ «አባት፣ አሁን መናገር ይችላሉ» አለችው።

ሬዲዮ አረፋውን በፎጣው ጠረገ። አፉን ከፈተ። እጁን ብቻ ወዘወዘላት።

ስልኩ ሲዘጋ ሚጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?»

ዓይን ያወጣ ውሸት ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ያው አንቺ ያልሽውን» ሊላት። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ገጠሙ።

«አትዞርም ልል ነበር» አላት።

ሚጣ መሬት ላይ ተዘርፍጣ እስክታነባ ሳቀች። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ተራ ጠባቂው ሁሉ ተጋፍቶ ገባ፤ ጋሼ ከፊት ናቸው። በበሩ መስታወት እያዩ ነው እንጂ ምንም አልሰሙም፤ የልጅቷ መዞር አስገርሟቸው ሊሞቱ ነው።

«ሬዲዮ! ምን ተባለ? ስለ ምንድን ነው ስትዞር የነበረው?»

«ስለ ጨረቃ ነው፣ ጋሼ።»

«እና ጨረቃ ምን ሆነች? ትዞራለች እንዴ? አንተ አትዞርም ብለኸኝ አልነበር?»

ደንበኛው ሁሉ እንደ ወትሮው ወደ እሱ ዞሮ መልሱን ጠበቀ። ሬዲዮ ብሩሹን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ አላውቅም» አለ፤ «እሷን ጠይቋት።»

ከዚያም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ልጁ «ቆይ» ብላ እስክትጀምር ዝም ብሎ ጠበቃት፤ አፉ ላይ አረፋ አልነበረም።